የታጠረው ቦታ ምን ሊሆን ነው?

ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ቀጥሎ ያለው አሳብ የብዙ ሠፈር ሰዎችን የሚመለከት መስሎ ስለ ታየኝ፣ በአንባቢያን ደብዳቤዎች ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በምኖርበት የአዲስ አበባ ሠፈር ከዋናው መንገድ ዳር ያለው ሰፊ ባዶ ቦታ በቆርቆሮ ከታጠረ ወራት አልፈዋል። በአጥሩ ላይ አንድም ጽሑፍ የለም። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃም ሲጠየቅ «እኔ የታዘዝኩት ሰው እንዳላስገባ ነው» ከማለት በቀር የሚጨምረው ነገር የለውም። የሠፈሩ ሰው ግን መልሱን ከጥበቃው አልጠበቀም። አንዱ የኤሌትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ነው ይላል፤ ሌላው ከውጭ አገር የሚመጡ መኪናዎች ለገዢዎቻቸው የሚሰጡበት የርክክብ ግቢ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱም ነው፣ እንዲያውም ከአጥሩ በስተጀርባ ያሉት ቤቶች ሁሉ ይነሣሉ ብሎ ያስደነግጣል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለው የአበው ምክር ተገልብጦ፣ ወሬ የሰማ ሁሉ ሌላ ወሬ ጨምሮበታል።

በመሠረቱ ግምቱ ከሜዳ ተነሥቶ የመጣ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በከተማችን የኤሌትሪክ መኪና እየበዛ መሄዱን ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሲመረቅ ኃይሉ 43 ሜጋዋት ያህል ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛ አገር የገዛ ወንዟን ኃይል ለመኪናዋ ብታውለው የሚጠላ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። መኪናው ከመጣ የሚሞላበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ መሙያውም በአንዱ ሠፈር ማረፉ አይቀርም። በእኛ ሠፈር ቢያርፍ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። ቅሬታዬ በጣቢያው ላይ ሳይሆን በዝምታው ላይ ነው።

ወሬ ማንንም አይጎዳም የሚል ሰው ካለ የሠፈራችንን ሁኔታ ይመልከት። ከአጥሩ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ለብዙ ዓመት ጫማ ሲያድስ የኖረ ሰው «ሊፈርስ ነው» መባሉን ሰምቶ፣ ዕቃውን ጠቅልሎ ደንበኛ ወደሌለው ሠፈር ሄደ። ክፍሏ ግን እስከ ዛሬ ቆማለች፤ ሌላ ሰውም ተከራይቷታል። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ባለ ቤት «ጣቢያው ሲከፈት ሠፈሩ ይወደዳል» በሚል አሳብ፣ ውላቸው ሲያልቅ ቤቱን እንዲለቁለት ለተከራዮቹ ከወዲሁ ነግሯቸዋል። ከሁሉ የከፋው ግን አንድ ደላላ «በዚህ ግቢ ለመንግሥት ሠራተኛ በረጅም ጊዜ ብድር መኪና ይታደላል፤ ስማችሁን ላስመዝግብላችሁ» እያለ በየቤቱ እየዞረ የመመዝገቢያ ገንዘብ መሰብሰቡ ነው። ከከፈሉት ሰዎች መካከል ደረሰኝ ያገኘ አንድም ሰው አላጋጠመኝም።

በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ማታ ከሥራ ስመለስ ያገኙኝና «ልጄ፣ አንተ የመንግሥት ቤት ሰው ነህ፤ ትነሣላችሁ ይሉናል፤ እውነት ነው? የጣራዬን ቆርቆሮ ላስቀይር ወይስ ልተወው?» ይሉኛል። ለእኚህ እናት ጥያቄው ስለ መኪና አይደለም። በእጃቸው ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ለሚያፈሰው ጣራ ያውሏት ወይስ ለመነሻ ያስቀምጧት የሚል ነው። ይህን በአንዲት መሥመር ጽሑፍ ሊመልስ የሚችል ሹም በከተማው ውስጥ በእርግጥ አለ፤ መልሱ ግን ከመዝገብ ቤት ወጥቶ እኚህ እናት ዘንድ አልደረሰም።

ሠፈሩ ከሚጠይቀው ውስጥ ሊናቅ የማይገባው ብዙ ነው። «መብራት ይጠፋብናል» የሚለውን ሥጋት እንመልከት። አንድ የኤሌትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ይወስዳል። 120 ኪሎዋት የሚሰጥ አንድ ፈጣን መሙያ ሲሠራ እንግዲህ 34 ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ ተጣደ ያህል ነው። ዐሥር መሙያ አንድ ላይ ቢሠሩ 1,200 ኪሎዋት ይሆናል፤ ይኸውም 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ከሚባለው ትራንስፎርመር አራቱን የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጣቢያ ለቤቶች ከተተከለው ትራንስፎርመር ላይ ሊቀጠል አይገባውም፤ የመሥመሩ አቅም ተመርምሮ፣ ከ15,000 ቮልቱ መሥመር በራሱ ትራንስፎርመር ኃይል ሊቀበል ይገባዋል። እንደዚህ መደረጉ ቢነገረን፣ የእንጀራ ቀን ምጣዳችን ከመኪና ጋር ይሻማል ብለን አንጨነቅም ነበር።

የመሙያው ዓይነትም ለሠፈሩ ልዩነት ያመጣል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ7 ኪሎዋት መሙያ ከባዶ እስኪሞላ 9 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በ120 ኪሎዋት መሙያ ግን አብዛኛውን ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ሊበቃው ይችላል። የመጀመሪያው ከሆነ ግቢው መኪና የሚያድርበት ጸጥተኛ ቦታ ይሆናል። ሁለተኛው ከሆነ ቀኑን ሙሉ የሚገባና የሚወጣ መኪና አለ ማለት ነው፤ በነዳጅ ማደያ ደጅ የምናውቀው ሰልፍም ወደ ጠባቧ መንገዳችን ሊዛወር ይችላል። የርክክብ ግቢ ከሆነ ደግሞ መኪና ጭነው የሚመጡት ረጃጅም ተሽከርካሪዎች በየትኛው በርና በስንት ሰዓት እንደሚገቡ ልጁን በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ሁሉ ማወቅ ይፈልጋል።

«ባትሪው ይፈነዳል» የሚሉትም አሉ። የሊትየም ባትሪ እሳት ዘወትር የሚያጋጥም አይደለም፤ ከተነሣ ግን ለማጥፋት ብዙ ውሃ የሚፈልግ፣ ጠፋ ከተባለም በኋላ ተመልሶ ሊነድ የሚችል ነው። ስለዚህ ቤቶቹ ከግቢው በቂ ርቀት እንዲኖራቸው፣ የውሃ መሳቢያ እንዲዘጋጅ፣ ኃይሉን ባንድ ጊዜ የሚቆርጥ ማጥፊያም እንዲኖር መጠየቅ ፈሪነት አይደለም።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ጉዳዩን ባነሣሁባቸው ጊዜ «ዕቅዱ ሳያልቅ ከተነገረ መሬት ነጋዴው ይሻማበታል» ብለው ተከራክረውኛል። ነገሩ ከሩቅ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ነገር ግን መሬት ነጋዴውና ደላላው ከማንም ቀድመው የሰሙ መሆናቸውን ሠፈራችን መስክሯል። በዝምታው የተደበቀው ከእነርሱ ሳይሆን ከጫማ አዳሹና ጣራ ከሚያፈስባቸው እናት ነው። ሰውም ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ብሂል ያውቃልና፣ እውነቱ ካልተሰጠው ጥርጣሬውን ይዞ ይኖራል። ያልተወሰነ ነገር ካለም «ይህ ገና አልተወሰነም፤ ሲወሰን በዚህ ቀን እንገልጣለን» ማለት ራሱ የተሟላ መልስ ነው።

ይህም እንደ ችሮታ የሚለመን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43፣ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ አሳባቸው እንዲጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አሳቡን ሊሰጥ የሚችለው ደግሞ የሚሠራውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ማንኛውም እንዲህ ያለ ቦታ በታጠረ ዕለት በአጥሩ ላይ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል። በሰሌዳው ላይም የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነ፣ ባለቤቱና ፈቃዱን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ የመሙያዎቹ ቁጥርና ዓይነት፣ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ፣ የመኪና መግቢያና መውጫው በየት እንደሆነ፣ የሚነሣ ቤት መኖሩና አለመኖሩ፣ እንዲሁም ጥያቄ ያለው ሰው የሚሄድበት መሥሪያ ቤትና የቢሮ ቁጥር በግልጥ አማርኛ ይጻፍ። ሥራው ከመጀመሩ በፊትም ባለሙያው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሠፈሩ መጥቶ ለጥያቄ መልስ ይስጥ። የርክክብ ግቢ ከሆነም መኪና የሚሸጠው ወይም የሚያስረክበው ማን እንደሆነ ስሙ ይገለጥ፤ ያን ጊዜ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ የሚሰበስበው ደላላ የሚለው ያጣል።

በመጨረሻም ለሥራ ጓደኞቼ ለመንግሥት ሠራተኞች አንድ ቃል ልበል። እኛ ቀን በመሥሪያ ቤት መዝገብ እናገላብጣለን፤ ማታ ግን እንደ ማንኛውም ሰው የሠፈር ነዋሪዎች ነን። የአንዱ ሠፈር መዝገብ በአንዳችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በምስጢርነት ያልተከለከለውን፣ ሕዝብ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ለአለቃችን አሳስበን እንዲወጣ ብናደርግ፣ ለመንግሥትም ለሕዝብም የሚጠቅም ሥራ ሠራን ማለት ነው። የሚመለከተው ክፍልም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ጣራዋን የምታድሰው ታድስ ዘንድ፣ ስለ ታጠረው ቦታ መልስ እንደሚሰጠን ተስፋ አደርጋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ