ኬላው ይፍረስ ወይስ ቦታውን ይያዝ?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በምንወርድበት መኪና ውስጥ ሰሞኑን የማያባራ ክርክር አለ። «ፓይተን ቀርፋፋ ነው፤ በየእርምጃው የዓይነት ምርመራ እያለ ጊዜ ያባክናል፤ ምርመራው ይቅር» የሚሉ ጓደኞቻችን ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በዚህ አንስማማም።

እውነቱን አንክድም። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የትኛው ቁጥር፣ የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ ኮምፓይለሩ ለይቶ ይጨርሳል። ፓይተን ግን ሁለት ነገሮችን እንዲደምር ባዘዝነው ጊዜ ሁሉ «እናንተ ምንድን ናችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ሚሊዮን ጊዜ ብናስደምረው አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይጠይቃል። ይህም ከሚሌ የተነሣ የጭነት መኪና ኮምቦልቻ እስኪደርስ በየኬላው ጭነቱን ቢያራግፍ እንደማለት ነው።

ይሁን እንጂ ኬላው ጨርሶ ቢፈርስስ? የአንድ ዕድር መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ጻፍን እንበል። በመዝገቡ 30 ብር በቁጥር ተቀምጧል፤ ከቅጹ የመጣው 40 ግን ጽሑፍ ነው። ሁለቱን ደምር ስንለው ፓይተን አልደምርም ብሎ ይቆማል። ጃቫስክሪፕት ግን ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ለውጦ፣ ጎን ለጎን ገጥሞ 3040 ይለናል። 70 ብር 3040 ሲሆን ፍጥነቱ ለሐዘንተኛው ምን ይረባዋል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይህ ነው።

መፍትሔው ምርመራውን ማጥፋት ሳይሆን በቦታው ማኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ፓይተን 3.11 ይህንኑ መንገድ ይዟል። አንድ ድምር ደጋግሞ በቁጥሮች ላይ ሲሠራ ካየ አቋራጩን ይመርጣል፤ አጭር ምርመራ ግን አይተውም። በዚህና በሌሎች ማሻሻያዎች ከ3.10 ይልቅ በአማካይ 25 በመቶ ያህል እንደፈጠነ አዘጋጆቹ አስታውቀዋል። ናምፓይም ቁጥሮቹን በአንድ ዓይነት በአንድነት ስለሚይዝ ለመላው ጭነት አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አንርሳ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በፓይተን የምንጽፈውን የዓይነት መግለጫ ቋንቋው ራሱ በሥራ ጊዜ አይመረምረውም። በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ዘበኛ አይደለም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከውጭ የሚገባውን ሁሉ በመግቢያው እንመርምር። ዘገየ ብለን ከማማረራችን በፊት የት እንደዘገየ በሰዓት እንለካ፤ ከዚያ የተደጋገመውን እናቅልል። የሰው ገንዘብ በእጃችን ሲገባ ግን መጠየቅ የሚያሳፍረን አንሁን።