ከባሕሪ ማዶ ያለው ጥላ

ባሕሪ የሚለውን ስም የሰማ የአማርኛ ተማሪ ወዲያው ባሕርን ያስባል። በሱዳን ዐረብኛ ግን ቃሉ ሰሜን ማለት ነው፤ የካርቱም ሰሜን ከተማ የሚጠራውም በዚሁ ስም ነው። እኛ ዓባይ የምንለውን ወንዝ ሱዳኖች ሰማያዊ ባሕር ይሉታል። ከባሕሪ ዳርቻ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው በማዶ የሚታየው ረጅም የዛፍ ረድፍ የዛሬው ጉዳያችን ነው።

ካርቱም በ1877 ዓ.ም. በማህዲ ሠራዊት እጅ ወድቃ ፈረሰች። እንግሊዞች በ1890 ዓ.ም. በከረሪ ድል ካደረጉ በኋላ ጄኔራል ኪችነር ከተማይቱን እንደገና ማሠራት ጀመረ። ቤተ መንግሥቱና በ1895 ዓ.ም. የተከፈተው፥ ዛሬ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሆነው፥ የጎርደን ኮሌጅ በወንዙ ዳር ቆሙ። በዚያ በሚያልፈው የዓባይ ጎዳናም ማሆጋኒና የዋርካ ዘመድ የሆኑ ዛፎች ተተከሉ።

መናፈሻ የሚለው ቃል «ነፈሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ነፋስ የሚቀበሉበት ስፍራ ማለት ነው። ይህም ጎዳና አጥርና በር ሳይኖረው እውነተኛ መናፈሻ ነበር። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው ይወርዱበት ነበር። ከዛፎቹ ሥር ሻይና ቡና ከሚሸጡት ሴቶች መካከል የአገራችን ልጆች ይገኙባቸው ነበር፤ ስለ ጥላው ስንጽፍ እነርሱን መርሳት አይገባንም።

በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ወንዙ በካርቱም ከ17 ሜትር በላይ ሞልቶ ዳርቻውን አስጨነቀ። ከዚህ የባሰው ግን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ነው። የሱዳን ጦር ቤተ መንግሥቱን መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪያስመልስ ድረስ አካባቢው የውጊያ ሜዳ ሆነ። ነዋሪው የሚያበስልበትን ጋዝ ስላጣ በከተማው ብዙ ዛፍ ለማገዶ ተቆረጠ፤ በነጭ ዓባይ ዳር ያለው የሱንት ደንም ክፉኛ ተመነጠረ። ልጆቹ የራቡበትን ሰው ስለ ቆረጠ ልንወቅሰው አንደፍርም።

የፈረሰ ግንብ በሁለትና በሦስት ዓመት ይጠገናል፤ ማሆጋኒ ግን ጥላ የሚሰጠው ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ ነው። በካርቱም ዝናም የሚጥለው በክረምት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፥ ችግኙ ከወንዙ በሚሳብ ውሃ ማደግ፥ ከፍየልም መጠበቅ አለበት። መንገድ ለማስፋት ሲባል የተረፉትን አሮጌ ዛፎች መንቀል በእኛ አስተያየት ስሕተት ይሆናል። ከእነርሱ ዘር ለቅሞ ባዶውን ስፍራ መሙላት ይሻላል፤ ከተረፈም ወደ ባሕሪ ዳርቻ ተሻግሮ ይተከል።