የበሰበሰ ስፖንጅ፣ አዲስ ሌዘር

ከጂንካ ተነስቶ በቀይ አፈርና በዲመካ አድርጎ ቱርሚ የሚገባ መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ኦሞራቴ ለመድረስ ደግሞ ሌላ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል፤ ቆላው በቀረበ ቁጥር ሙቀቱም ይበረታል። በዚህ መስመር ጎብኚ ከሚያመላልሱት ላንድክሩዘሮች መካከል ዕድሜያቸው ከሾፌሮቻቸው የማያንስ አሉ። ሞተራቸው ወርዶ ታድሷል፣ ባሌስትራቸው ተቀይሯል፣ ላሜራቸው ተበይዷል። ወንበራቸው ሲያረጅ ግን ባለቤቱ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌዘር ማልበስ።

ይህ ልማድ ገንዘብ ያባክናል፣ ወገብም ይጎዳል።

በመጀመሪያ፣ ሌዘር ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ነገር ቆዳ አይደለም። በጨርቅ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። አየር አያሳልፍም፤ ላብም አይመጥም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግሎ ይጠብቃል፤ ከጀርባና ከጭን ጋር ይጣበቃል። ያለሰለሰው ንጥረ ነገር በሙቀት እየተነነ ሲያልቅ ደግሞ ይደርቅና ስፌቱን ተከትሎ ይሰነጠቃል። ቆላ ለሚወርድ መኪና ከዚህ የባሰ ምርጫ ማግኘት ይከብዳል።

ዋናው ጥፋት ያለው ግን ከሌዘሩ ሥር ነው። ያረጀ ወንበር ሲፈታ አጠገቡ ቆሞ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ልብሱን የያዙት የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ ተቆርጠው ሲወልቁ ቢጫ ዱቄት ይራገፋል፤ ስፖንጅ የነበረው ነው። ሾፌሩ ሲወርድና ሲወጣ እያሸው የኖረው በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ተበልቶ አልቋል። መሃሉ ረግቦ ጎድጉዷል። ከሥሩ አንዱ ሽቦ ተበጥሷል፣ ሌላው ከመንጠቆው ወጥቶ ስፖንጁን ወደ ላይ እየወጋ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ስስ የፍራሽ ስፖንጅ በማስቲሽ ይለጠፍና አዲሱ ሌዘር ተወጥሮ ይሰፋል። ለጥቂት ሳምንታት ያምራል። ከዚያ ስሱ ስፖንጅ ወደ ጉድጓዱ ይሰምጣል፤ የሰውን ክብደት መሸከም ያልነበረበት ልብስ ተሸካሚ ይሆንና ስፌቱ ይተረተራል። ባለቤቱ ሰፊውን ይወቅሳል፤ ያዘዘው ግን ራሱ ነው።

የጠጠር መንገድ ንዝረት ቀልድ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ አንድ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን መላ ሰውነቱ ሊቀበል በሚችለው ንዝረት ላይ ገደብ አስቀምጧል። ንዝረቱን ከሾፌሩ አከርካሪ የሚለየው የመጨረሻው ነገር ደግሞ ሽቦውና ስፖንጁ ነው። ጎብኚው ለሳምንት ተቀምጦበት ይሄዳል፤ ሾፌሩ ዓመታት ይኖርበታል።

የሚያሳዝነው፣ ምቾት የሚመጣው ከሥር መሆኑን አገሩ ከድሮ ጀምሮ ያውቃል። የጠፍር አልጋን የሚያስመቸው የላዩ አንሶላ አይደለም፤ የጠፍሩ ውጥረት ነው። ጠፍሩ ሲረግብ ባለቤቱ መልሶ ይወጥረዋል፤ ጌጠኛ ጨርቅ አልብሶት አያልፍም። የሐመር ወንድ በሄደበት ይዞት የሚሄደው ቦርኮቶም ከእንጨት የተጠረበ ነው። በርጩማም ትራስም ይሆናል፤ ልብስ ግን የለውም። ሰውየውን የሚያሳርፈው ቅርጹ ነው።

እጅ ሲያጥር ሥራው ከታች መጀመር አለበት። የተሰነጠቀው ብረት ይበየድ። የተበጠሰው ሽቦ ይተካ፤ ካልተገኘ ከአሮጌ ጎማ ውስጥ ከሚወጣው ላስቲክ የተቆረጠ ጠፍር እያጠላለፉ መወጠር ይቻላል። ሽቦው ስፖንጁን እንዳይበላው በመካከላቸው ወፍራም ሸራ ይነጠፍ። ስፖንጁ በሙሉ ካልበሰበሰ የተበላው ጠርዝና የጎደጎደው መሃል ብቻ ተቆርጦ በጠጣር ስፖንጅ ይተካ። ሁሉንም ወንበር በአንዴ ማደስ ካልተቻለ የሾፌሩ ይቅደም። አሮጌው ልብስም ወዲያው አይጣል፤ ስፌቱ ተፈትቶ ለአዲሱ መቁረጫ ልኬት ይሆናል።

ሌዘር የሚመርጡት ባለመኪኖች አንድ እውነት አላቸው፤ አቧራና ጭቃ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግለታል። ስለዚህ ገላ በማይነካው የወንበሩ ጀርባና ጎን ይግባ። የሚቀመጡበትና የሚደገፉበት ግን ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ወይም ሸራ ይሁን፤ ወልቆ እንዲታጠብም ተደርጎ ይሰፋ። እውነተኛ ቆዳማ ያምራል፤ ነገር ግን ለአንድ መኪና አንድ ቆዳ አይበቃም፣ በአነስተኛ ገንዘብም አይሞከርም። ከሁሉ በላይ የደህንነት ቀበቶው መቆለፊያ በአዲሱ ልብስ ሥር እንዳይቀበር። ተሳፋሪ ፈልጎ ያጣውን ቀበቶ አያስርም።

የጂንካ ባለመኪኖች በሚቀጥለው ጊዜ ወንበር ለማሳደስ ሲሄዱ መጀመሪያ ይፈታ ይበሉ፤ ሲፈታም ቆመው ይዩ። ስፖንጁን በእጃቸው ሳይጫኑ፣ ሽቦውን ሳይቆጥሩ የቀለም ናሙና አይምረጡ።