«ከዳ» የማን ቃል ነው?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሲዞር አያለሁ። የአብዮቱ ዘመን ዲፕሎማቶች አገር ሲቃጠል ውጭ ተንደላቀው ኖሩ፣ ሲመቻቸው ደግሞ ከዱ ይላል። የድሮ ተማሪዎቼም በላይክ አጅባችሁታል። እኔ ያስተማርኳችሁ ይሄን ነው እንዴ?

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ወደ 60 ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ሲረሽን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ደጃዝማች ዘውዴ ገብረሥላሴ ውጭ አገር ነበሩ። በካቢኔያቸው ያገለገሉላቸው እንዳልካቸው መኮንን ከተረሸኑት አንዱ ናቸው። ዘውዴ ሥልጣናቸውን ለቀው እዚያው ቀሩ። ማንን ነው የከዱት? ገዳዩን?

መቅረትም ቢሆን ቀላል አልነበረም። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ለሕክምና እንደወጡ ቀሩ፤ ልጃቸው ልዕልት እጅጋየሁ ግን በ1969 እስር ላይ እያሉ ሞቱ። የንጉሡ ቤተሰብ ሴቶች 14 ዓመት ገደማ ታስረዋል። ይህን የሰማ አምባሳደር ማታ ከሚስቱ ጋር ምን ይነጋገራል? እሷ «እናቴን ምን ያደርጓት ይሆን?» ትላለች፣ እሱ «ብንመለስስ ልጆቹ?» ይላል። በአንድ ፊርማ ሁለት ቤት ይፈርሳል። ተንደላቀቁ የምትሉት ይሄን ነው።

ልጆቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። መኢሶን በ1960 ሐምቡርግ፣ የኢሕአፓ መሠረትም በ1964 በርሊን የተጣለው በተማሪዎች ነው። አባት የመንግሥትን መግለጫ ይዞ ይወጣል፣ ልጅ ኤምባሲው በር ላይ በመፈክር ይጠብቀዋል። ወንድምና ወንድም ደግሞ አንዱ መኢሶን፣ አንዱ ኢሕአፓ። እራት ላይ ማን ከማን ጋር ያወራል? አብዮቱ ሲፈነዳ ስንቱ ወጣት ለትግል ብሎ ተመለሰ፣ ቀይ ሽብርም በላው። ውጭ የቀረው ወላጅ ሬሳ እንኳ አላየም።

ሁሉም ንጹሕ ነበሩ አልወጣኝም። ግድያውን በፈረንጅ ፊት ሲያስተባብል ለኖረ ሰው ጥብቅና አልቆምም፤ እሱ እንዲያውም «ታማኝ» ነበር የተባለው! ኮሎኔል ጎሹ ወልዴ ግን የደርግ የራሱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሳለ በ1979 ኒውዮርክ ላይ በቃኝ ሲሉ ከዳተኛ ተባሉ። ቃሉ የደርግ ነው። ደርግ ከወደቀ 30 ዓመት አልፎታል፣ እናንተ ዛሬም በሱ አፍ ታወራላችሁ።

ጽሑፉን ሼር ያደረጋችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ስማችሁን አይቻለሁ። መልስ ካላችሁ ኮመንት ላይ እጠብቃለሁ፣ ስድብ ግን አጠፋለሁ።