የክፍል ድረ ገጽ ለማን ይሠራ?

ለጉንደ ወይን ተማሪዎች የክፍል ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ መምህር ከገጹ ውበት አስቀድሞ ቅለቱን ሊያስብ ይገባዋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንደ ጎርፍ ይወርድ ነበርና ያልገባው ተማሪ «ይደገምልኝ» ቢል ሰሚ አልነበረውም፤ መብራት ከጠፋማ ያው ቀረ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤት ባዘጋ ጊዜ ደግሞ በቴሌግራም የተላከው ማስታወሻ ስልክ ለሌለው አልደረሰም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት እንደ ጠፋ አይዘነጋም።

ስለዚህ ገጹ ቪዲዮ የማይበዛበት፥ አንድ ጊዜ ከወረደ ያለ ኔትወርክ የሚነበብ፥ ከስልክ ወደ ስልክም የሚተላለፍ ይሁን። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው፥ ቅዳሜ ስንቁን ሊያመጣ የሚሄደው ልጅ ስልክ ባይኖረው ከጓደኛው ላይ ወደ ደብተሩ ይገለብጣልና ጽሑፉ አጭር መሆን አለበት። መልመጃውም ከነአሠራሩ ይጻፍ፤ መልስ ብቻውንማ ለኩረጃ ነው። «ይህማ ድረ ገጽ ሳይሆን ብራና ነው» የሚሉ አይጠፉም። ይበሉ!

ነገር ግን ሥራው በመምህሩ የማታ ዕረፍት ላይ እንዳይጣል፥ ርእሰ መምህሩ ከሳምንቱ ክፍለ ጊዜ ሁለቱን ይቀንስለት።