ሕገ መንግሥት የሚማር ልጅ ዝም በል አይባል



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «የገንዘቡ ሒሳብ ለምን አይለጠፍም?» ብሎ ቢጠይቅ ከየአቅጣጫው «ዝም በል!» ወረደበት። አንዳንድ ወገኖችም «ይሄ የዜግነት ትምህርት የሚሉት ነው ልጆቹን ያባለገው» ሲሉ ሰማን። እኛ በዚህ ከቶ አንስማማም።

እስቲ እንተዛዘብ! ቀብር የቀረ ስንት ብር እንደሚቀጣ የእድሩን ደንብ በቃሉ ያልያዘ ማን አለ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውን ሕገ መንግሥትስ? አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። እኛ ይህን የምንጠይቀው ልጅ ታስሮብን ስንራወጥ ነው። ያን ጊዜ አንቀጹን የሚያነብልን ያው ዝም ያሰኘነው ተማሪ ነው።

አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናት በትምህርት ቤት አካል ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። ጧት ይህን አስተምሮ ከሰዓት በአርጩሜ የሚገርፍ መምህር ካለ ልጁ የትኛውን ይያዝ? ቤታችንም ያው ነው፣ እኛው የማኅበሩ ሰዎች ጭምር።

«መብት እንጂ ግዴታ አይማሩም» ለምትሉም፣ አንቀጽ 9ን አንብቡ። ሕገ መንግሥቱን የማስከበርና ለሱ የመገዛት ኃላፊነት የዜጋም፣ የባለሥልጣንም፣ የማኅበራትም ነው። ማኅበራት ሲል እኛንም ነው እንግዲህ።

ስለዚህ ልጁ የጠየቀው የስድስት ወር ሒሳብ ከዚህ ወረቀት ጎን ተለጥፏል። ደረሰኙን ማየት የሚፈልግ፣ ተማሪም ቢሆን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይምጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ