ቤት ለእምቦሳ፣ መጋዘን ለቡና፤ ለመምህሩስ?

ባለፉት ሳምንታት ብዕሬ ዝም ያለው የምጽፈው ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ቤት እየለወጥሁ ስለ ነበር ነው። በአገራችን ወግ አዲስ ቤት የገባን ሰው ስንጠይቅ «ቤት ለእምቦሳ» እንላለን፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ይህን ምርቃት በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተቀበለ ሰው ግን፣ «እምቦሳውንስ ተዉት፤ የመጻሕፍቴን ካርቶን የት ላስቀምጥ?» ማለቱ አይቀርም። የዛሬው ጽሑፌም ስለዚሁ ካርቶን ነው። ጉዳዩ ለፖለቲካ ሐተታ ያነሰ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እጠይቃለሁ።

የምኖረው ጅማ፣ አወቱ መንደራ ነው። ወደዚህች ከተማ ለማስተማር ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ለዶክትሬት ጥናቴ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ አካባቢውን ተመላልሼበታለሁ። ባለፈው ክረምት አከራዬ ጠሩኝና፣ «ዶክተር፣ ከእርስዎ ጋር ምንም ቅያሜ የለንም፤ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ከሳዑዲ ሊገባ ነውና በዐሥራ አምስት ቀን ቤቱን ቢለቁልን» አሉኝ። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንድማቸውን ሜዳ ላይ እንዲጥሉ አልጠብቅም። ደላላው ያገኘልኝ ሌላ ቤት ግን የሚለቀቀው ከሁለት ወር በኋላ ነበር። ስለዚህ እኔ አንድ ባልደረባዬ ዘንድ ተጠጋሁ፤ ዕቃዬን ደግሞ አንድ የማውቀው ሰው ግቢ ውስጥ ካለች የጭቃ ዕቃ ቤት አስገባሁ። አንድ አልጋ፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ ሁለት የጅማ በርጩማ፣ ዐሥራ አራት ካርቶን መጻሕፍት፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የመስክ ማስታወሻ ደብተር። ሰውየው ገንዘብ አልቀበልም አለ። «ምን ነካህ፣ የቤት ሰው አይደለህም እንዴ?» ብሎ ገሠጸኝ። የተጻፈ ዝርዝር፣ የተሰጠ ደረሰኝ አልነበረም።

በመስከረም ዕቃዬን ላነሣ ስሄድ ካርቶኖቹ ከታች ረጥበዋል፤ ማዳበሪያው ውስጥ ምስጥ ገብቷል። መጽሐፍስ ቢወደድም ይገዛል። ደብተሮቹ ግን በጎማና በማና ወረዳዎች ከቡና ገበሬዎች ጋር ያደረግሁት ቃለ መጠይቅ የተጻፈባቸው ነበሩ። ካነጋገርኋቸው ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ከዐሥራ አንዱ ደብተር የሚነበብ ሆኖ የተረፈኝ አራቱ ብቻ ነው። ማንን ልውቀስ? በነጻ ያስጠጋኝን ሰው? ባለ ውለታ አይከሰስም፤ አይወቀስምም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ዕቃዬን ጭኜ ወጣሁ።

አሁን ከእኔ ደብተር ወደ ቡናው እንሻገር። ጅማ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ካላቸው ከተሞች አንዷ ናት። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከሰቃ መጥቶ ወደ መጋዘኑ የሚገባ ቡና ይመዘናል፤ ናሙና ይወሰድለታል፤ እርጥበቱ ይለካል፤ ደረጃ ይወጣለታል። ጆንያው መሬት እንዳይነካ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደረደራል። ባለ ንብረቱም ደረሰኝ ይይዛል። ለዚህም በ1996 ዓ.ም. ስለ መጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 372 ወጥቶለታል። በዚህ ሥርዓት አስቀማጩና ተቀማጩ አይተዋወቁም፤ መተዋወቅም አያስፈልጋቸውም። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ የሚል ጥያቄ የለም። ቡናውን ማመስገን እንጂ መመቅኘት አልፈልግም፤ ይገባዋል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለፍሬው ሲደረግ ስለ ፍሬው የተጻፈው ደብተር ለምን ምስጥ ይበላው?

እንግዳን ከነዕቃው ማስተናገድ ለዚህ ምድር እንግዳ ነገር አይደለም። የምኖርበት ሰፈር ስም ራሱ ይመሰክራል። በጊቤ ነገሥታት ዘመን «መንደራ» ይባል የነበረው ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚያርፉበት የተለየ መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ የሂርማታ ገበያ የደራው በሸቀጡ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ነጋዴ ጭነቱን አራግፎ ካልተኛ ነገ አይመለስም። ባለ ሥልጣኖቻችን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለእንግዳ ሲያስጎበኙ አያለሁ። ግድግዳውን ወርሰው ጥበቡን መተዋቸው ያሳዝነኛል።

ከተማዋ ደግሞ እያደገች ነው። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ 88,867፣ በ1999ኙ ቆጠራ 120,960 ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ ማን እንደ ገባ ማን እንደ ወጣ በቅጡ የቆጠረ የለም። እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የግብርና ተቋምና በ1983 የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ተቋም በ1999 ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ፣ ተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ መምህሩ ከአራቱም ማዕዘን ይመጣል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ነው። የተማሪው ማደሪያ በክረምት ይለቀቃል፤ የመምህሩ ቤት በአከራዩ ቃል ይለቀቃል፤ ሐኪሙ ለስፔሻላይዜሽን አዲስ አበባ ይሄዳል። የሁሉም ዕቃ ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ እስክትመለስ የት ልቆይ?

«ወዳጅ ዘመድ ምን ሠራ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ በአደራ ተማምኖ የኖረ ሕዝብ ልጅ ነኝና። ነገር ግን ዘመድ ያለው ማን ነው? ተማሪ የሚመደበው በአገር አቀፍ ደረጃ ነው። ከሩቅ ክልል የተመደበች ልጅ ሐምሌ ላይ ፍራሿንና ሻንጣዋን ይዛ የምትሄደው፣ ቋንቋዋን የሚናገር፣ ከአገሯ የመጣ ሰው ወዳለበት ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን በየዓመቱ በሺሕ ለሚቆጠሩ ወጣቶች «ንብረትህ የሚድነው በወገንህ እጅ ሲሆን ብቻ ነው» የሚል ትምህርት እየሰጠን፣ በክፍል ውስጥ ስለ ዜግነትና ስለ አብሮነት ብንሰብክ ማን ይሰማናል? ደረሰኝ ዘር አይጠይቅም። ከተማን ከመንደር የሚለየው፣ ማንም የማያውቀው ሰው ዕቃውን አስቀምጦ በሰላም መሄድ መቻሉ ይመስለኛል።

«ሽጦ መሄድ፣ ሲመለሱ መግዛት» የሚሉም አሉ። ይህ ምክር ዕቃ ርካሽ በነበረበት ዘመን ያስኬድ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ማቀዝቀዣውን የሸጠ መምህር በሸጠበት ገንዘብ በሩን እንኳ መልሶ አይገዛም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ2015 ዓ.ም. በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በቅንጦት አልነበረም። አሮጌ ዕቃን ጠብቆ ማቆየት ለደመወዝተኛ ትልቁ ቁጠባው ሆኗል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ይህ የአሜሪካ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በአሜሪካ እንዲህ ያሉ የግለሰብ ዕቃ ማስቀመጫዎች ከ50 ሺሕ በላይ ናቸው። ቁልፉ በተከራዩ እጅ፣ ኪራዩ በየወሩ። እዚያ አብዛኛው ሰው የሚከራየው ቤቱ ዕቃውን አልችል ስላለው ነው፤ የትርፍ ነገር ነው። የእኛ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ዕቃችን ትንሽ፣ ቤታችን ጊዜያዊ። አንድ ፍራሽና ስድሳ መጽሐፍ ብቻ ያለው ሰው ያንኑ ቢያጣ ምንም አይቀረውም። በመከር ወራት ቡና ለመልቀም ከሩቅ አገር የሚመጣው የቀን ሠራተኛስ? እሱም ጥቅልል ብርድ ልብሱን የሚያሳድርበት ይፈልጋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አዲስ ሕንፃ አልጠይቅም። ቡና የሚለቀመው ባመዛኙ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ክረምት ሲገባ የብዙ ነጋዴዎች መጋዘን ይጎድላል። ተማሪ የሚወጣውና መምህር ቤት የሚለቀው ደግሞ በዚያው ክረምት ነው። የቡናና የትምህርት የቀን መቁጠሪያ እንዲህ ተደጋግፈው ሳለ የሚያገናኛቸው ጠፍቷል። ቡና ሽታ ይስባልና ከፍራሽ ጋር አይኑር፤ በግድግዳ የተለየ አንድ ክፍል፣ ከመሬት ከፍ ያለ ርብራብ፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ መዝገብና አንድ ደረሰኝ ይበቃል። የመምህራን የቁጠባና ብድር ማኅበር ሊያቋቁመው፣ ዩኒቨርሲቲው ሊደግፈው፣ ከተማ አስተዳደሩ ሊፈቅድለት ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አደራም ስለ መጋዘንም በዝርዝር ደንግጓል። የጎደለው ሕግ ሳይሆን ጉዳዩን ጉዳዬ የሚል አካል ነው።

የበሽታው ሥር ግን ኪራዩ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። መልካም ነው። ነገር ግን ውሉ በቃል በሆነበት፣ ተከራዩ «ነገ ማን ያከራየኛል?» ብሎ በሚፈራበት አገር አዋጅ በራሱ እግር አይሄድም። እኛ የተማርን የምንባለው እንኳ የጽሑፍ ውል ለመጠየቅ እናፍራለን፤ እኔ ራሴ አፍሬአለሁ። ዶክትሬቴን ይዤ፣ ስለ ተቋማት እያስተማርሁ፣ ደብተሬን ያለ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለምስጥ አስረክቤአለሁ። ወቀሳዬ ከራሴ ይጀምር።

በመጪው ሐምሌ ተማሪዎቻችን እንደገና ፍራሻቸውን ተሸክመው ባጃጅ ሲለምኑ እናያለን። እስከዚያ ወራት አሉ። የማኅበራችሁን ስብሰባ የምትመሩ ባልደረቦቼ፣ በዘንድሮው አጀንዳ ላይ ይህችን አንዲት መሥመር አስገቧት፦ «የአደራ ዕቃ ቤት»። የመጀመሪያዋን ደረሰኝ ለመቁረጥ እኔ ዝግጁ ነኝ፤ የማስቀምጠውም አራት ደብተር አለኝ።

ቸር እንሰንብት።
ከአወቱ መንደራ፣ ጅማ